ስለ እግሬ የተደረሰ ስምምነት

እኔ በሙያዬ መንገድ ቀማሽ ነኝ። በእኛ አገር አዲስ መንገድ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይሄድበት በፊት አንድ መንገድ ቀማሽ በባዶ እግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድበታል። ጫማ አድርጎ መቅመስ ክልክል ነው፤ ጫማ ክፉውን መንገድ ደግ ያስመስላል ይባላል። ቀማሹ መጨረሻው ላይ ደርሶ "ይኬዳል" ሲል ሪባኑ ይቆረጣል፣ ሹማምንቱ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ቢሰምጥም ባይሰምጥም ማንም አፉን አይከፍትም። የተከበረ ሥራ ነው። አባቴም በዚሁ ሥራ ነው ያሳደገኝ። እግር ከሌለ ግን ሥራውም የለም፤ ይህን ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅማል።

ዝናቡ እንደቆመ በቀመስኩት መንገድ ላይ እሾህ ወጋኝ። ተረከዜ አጠገብ ጠልቆ ገባ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሹማምንቱ በፀሐይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበርና "ይኬዳል" አልኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አስካለች እግሬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመርፌ ልታወጣው ታገለች፤ እሾሁ ጫፉ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ስለገባ አልሆነላትም። አስካለች አፏ አያርፍም። እሾህ ተሰክቶበት ይኬዳል የሚል ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች። በጨው ትጨቃጨቀኛለች፣ በጣራው ትጨቃጨቀኛለች፣ ያን ሰሞን ደግሞ በእግሬ ተጨቃጨቀችኝ። እውነቷን ነበር። እግሬ አበጠ፣ ጋለ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ በመጨረሻ ትከሻዋን ተደግፌ ወደ ሐኪሞች ቤት ሄድን።

ስለ ሐኪሞች ቤት ጥቂት ልበል። ድሮ መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ይናገር ነበር፤ ተማሪው ይጽፋል፣ በቃሉ ይይዛል። እንዲህ የተማሩት ሐኪሞች የማያውቁት ነገር አልነበረም። ነገር ግን በሽተኛ ፊታቸው ሲቀርብ፣ ሕመሙ መጽሐፉ ውስጥ የት ቦታ እንደተጻፈ ሲያስታውሱ በሽተኛው ይሞትባቸዋል። አጎቴ እንዲያ ነው የሞተው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ተሰብስበው አዲስ ሥርዓት አወጡ። ከእንግዲህ ማንም ለማንም አይናገርም፤ ተማሪዎቹ በቡድን ይቀመጣሉ፣ በሽተኛውን መሐላቸው ያደርጋሉ፣ ተወያይተው መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ሐሳቡ በአደባባይ ሲነገር ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬም ክፉ ሐሳብ ነው አልልም።

ሥርዓቱ ግን ውሎ ሲያድር የራሱን ልማድ አወጣ። በሽተኛ "ጥያቄ" ተባለ። መምህር "አመቻች" ተባለ። አመቻች መልሱን ቢያውቅም መናገር አይችልም፤ የተፈቀዱለት "ሌላስ?" እና "ምን ይመስላችኋል?" ብቻ ናቸው። ከዚህ ያለፈ ቃል ከአፉ የወጣ እንደሆነ መልስ አፍሳሽ ተብሎ ይባረራል፤ መልስ አፍሳሽ ደግሞ በአገሩ ውስጥ ሌላ ሥራ አያገኝም። በሽተኛውን ያመጣው ዘመድ "ሁለተኛው ገጽ" ይባላል። የመጀመሪያው ገጽ በሽተኛው ራሱ ነው። ተማሪዎቹ እሱን በዓይናቸው አይተው ሲጨርሱና ሁሉም መጨረሳቸውን ሲስማሙ ሁለተኛው ገጽ ይገለጣል፤ ዘመድየው ተጠርቶ የሚያውቀውን ይናገራል። እስከዚያ ድረስ በግቢው በር አጠገብ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ በወሬ አውቀው ነበር። ሲደርስብኝ ግን ሌላ ነው። በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ሰላም ብዬ "እሾህ..." ስል መዳፉን አፌ ላይ ጫነው። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። "መልስ እንዳታፈስ ወንድሜ" አለኝ፤ ድምፁ የደግ ሰው ድምፅ ነበር። "ስንት ልጅ ሊማርብህ ነው።" አስካለችን ወደ ዳሱ ወሰዷት። እየተጨቃጨቀች ነበር የሄደችው፤ ድምፅዋ እስኪርቅ ድረስ ሰማኋት።

አልጋዬ መስኮት አጠገብ ነበር፤ ቀና ስል ዳሱ ይታየኛል። አስካለችም ስታየኝ እጇን ታነሳልኛለች። ከአጠገቤ የተኙት ጋሽ ይታገሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ጊዜ በሳል የመጡ ናቸው፤ ሳላቸው ሳይፈታ ስንት ተማሪ ተመርቆባቸዋል። አዲስ ቡድን ሁሉ በእሳቸው ነው የሚጀምረው። በዚህም ይኮራሉ። ሲያስሉ እንኳ ቀስ ብለው፣ ለጀማሪ በሚገባ መንገድ ነው የሚያስሉት።

በማግስቱ ቡድኔ መጣ። ስድስት ተማሪዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው አሰግድ የሚባል ረጋ ያለ ወጣት ነው። ልንገራችሁ፣ እንደነሱ ያሉ ጨዋ ልጆች አይቼ አላውቅም። አንዱ የሌላውን ንግግር አያቋርጥም። እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት ከእሱ በፊት የተናገረውን ያመሰግናል። ጥቁር ሰሌዳ አቁመው በሦስት ከፈሉት፦ የምናውቀው፣ የማናውቀው፣ ልንማረው የሚገባን። የምናውቀው በሚለው ሥር "እግር ነው" ብለው ጻፉ። ግራ ነው ቀኝ ነው በሚለው ላይ ረጅም ውይይት ተደረገ፤ ከእኛ በኩል ሲታይ ነው ወይስ ከጥያቄው በኩል የሚል ሐሳብ ስለተነሳ በመጨረሻ "ከሁለቱ አንዱ" በሚለው ተስማሙ። ከዚያ የሚጠናውን ተከፋፈሉ። አንዱ ስለ እግር አፈጣጠር፣ አንዱ ስለ እብጠት፣ አንዱ ስለ ቀይ ቀለም፣ አንዷ ስለ ሙቀት ወስደው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጣጠሩ።

አመቻቿ ሐኪም ይርገዱ ትባላለች፤ ጠጉሯ ሽበት የጀመረው፣ ዓይኗ የሚከብድ ሴት ናት። እስከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን ሲያነሱ ቀረብ ብላ እግሬን አየችው፤ ዓይኗ ተረከዜ አጠገብ ያለው ጥቁር ነጥብ ላይ ሲደርስ ቆመ። አወቀች። ማወቋን እኔም አወቅሁ። አፌን ልከፍት ስል ፊቷን ዞር አድርጋ ለተማሪዎቹ "ሌላስ?" አለቻቸው። ድምፅዋ ቀጠነ። ተማሪዎቹ ሌላ የለም አሉ። ወጣች።

ፍርሃቴ የጀመረው ያኔ ነው። ሕመም ፈርቼ አላውቅም፤ የእግር ሕመም ለመንገድ ቀማሽ የዕለት እንጀራው ነው። የሚያውቅ ሰው ፊቴ ቆሞ አፉን ሲዘጋ ማየት ግን አስፈራኝ። ልውጣ ብዬ ጋሽ ይታገሱን ብጠይቃቸው ጥያቄ ሳይፈታ ከግቢው እንደማይወጣ ነገሩኝ። እንግዲያው በስውር የሚረዳኝ ተማሪ ቢገኝስ አልኳቸው። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳል ሳይቀድማቸው ተናገሩ።

"አንዲት እባጭ ያለባት ሴትዮ እዚህ፣ አንተ የተኛህበት አልጋ ላይ ነበረች። አንዱ ልጅ አዝኖላት ሰው ሳያይ አፈነዳላት። በማግስቱ ቡድኑ ሲመጣ ጥያቄው የለም።"

"ልጁስ ምን ሆነ?"

"ተባረረ።"

"ሴትዮዋስ?"

"ወደ ነበረችበት ሕመም ተመለሰች።"

እንዴት ተመለሰች ብዬ ጠየቅሁ። የተማሪዎቹ ትምህርት እንዳይስተጓጎል ነዋ፣ ሥርዓት አለው ብለውኝ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋቸውም። ብርድ ልብሱን ጎትቼ እግሬን ሸፈንኩት።

በሁለተኛው ውይይት እብጠቱ ጉልበቴ ሥር ደርሶ ነበር። ተማሪዎቹ ደስ አላቸው፤ ጥያቄው እየበሰለ ነው ተባባሉ። ያጠኑትን እየተነሱ አቀረቡ፤ መቼም አልዋሽም፣ ብዙ ነገር ተማርኩ። ስለ ቀይ ቀለም የተናገረው ልጅ በተለይ አንደበቱ ያምራል። ሲጨርሱ እልፍነሽ የምትባል ከሲታ ልጅ፣ ስለ ሙቀት ያጠናችው፣ ሁሉንም በየስማቸው አመስግና ጥቁሩ ነጥብ ምንድን ነው አለች። ሁለተኛውን ገጽ ብንገልጠው ይሻላል ብላ በመስኮቱ ወደ ዳሱ ተመለከተች። አስካለች ብድግ አለች። አሰግድ እልፍነሽን አመሰገናት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ገጽ አላለቀም፣ ጥፍሮቹ ገና አልታዩም አለ። ሌሎቹም ጥፍሮቹ አልታዩም አሉ። ገጽ ለመግለጥ ሁሉም መስማማት አለበት። እልፍነሽ አንገቷን ደፋች፣ አስካለችም ተመልሳ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። "እሾህ ነው፣ እሾህ ነው የወጋኝ" ብዬ ጮህኩ።

ስድስቱም ጆሯቸውን ያዙ። በክፋት አይደለም፤ ትምህርታቸው እንዳይበላሽ ነው። አሰግድ እጁን ከጆሮው አውርዶ፣ ሁላችንም ከተስማማን ያልሰማን ሊሆን ይችላል አለ። ተራ በተራ ተጠየቁ፤ ተስማሙ። እንዳልሰሙም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሐኪም ይርገዱ "ምን ይመስላችኋል?" አለች፤ መልካም ይመስለናል አሏት።

ከሰዓት በኋላ እልፍነሽ ብቻዋን መጣች። እኔን ሳታይ፣ ፊቷን ወደ ጋሽ ይታገሱ አልጋ አዙራ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና ተናገረች። በውይይት ላይ መናገር የሚችለው የቡድኑ አባል ብቻ ነው፤ አባል መሆን የማይችለው ማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም አለች። "ጋሼ ዘርጋው፣ ተማሪ ይሁኑ" አለችኝ በመጨረሻ። ስሜን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ከዳሱ መሆን አለበት።

ሆንኩ። ማንም አልተቃወመም፤ የመማር ፍላጎት ያለው ሰው አይከለከልም። በበሽተኛ ልብሴ ላይ ነጭ ጋዋን አለበሱኝ። ስድስቱም እየተራመዱ መጥተው አቀፉኝ፤ ባልደረባችን አሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ቡድኑ እኔን ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያው ነበርና ዓይኔ እንባ አቀረረ። በመስኮቱ ለአስካለች እጄን አነሳሁላት። ጋዋኑን ስታይ ሐኪም መስያት ተነስታ እጅ ነሳችኝ።

ሦስተኛው ውይይት ላይ እብጠቱ ጉልበቴን አልፎ ነበር። በትራስ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ከእኔ በፊት የተናገረውን አመስግኜ፣ እሾህ ነው፣ ቢወጣ ይሽረኛል አልኩ። ቃሉ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። አሰግድ ፈገግ አለ።

"ግሩም ሐሳብ ነው አቶ ዘርጋው። ምንጭዎ ምንድን ነው?"

"እግሬ ነው።"

የተቆጣኝ የለም። አሰግድ እንደ ታናሽ ወንድም ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በነገሩ ውስጥ ጥቅም ያለው ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ከሁላችን ይልቅ ደግሞ በዚህ እግር ላይ ጥቅም ያለዎት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ፍርድ እንዳይዛባ የእርስዎን እግር ከእርስዎ ንግግር ለይተን ብናየው ይሻላል አለ። ይህ ትክክል አይመስልዎትም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲያ ሲባል ትክክል ነው። ትክክል ነው አልኩ። እሾህ የሚለው ቃል ከሰሌዳው ተጠረገ።

ቀጥሎ ስለ እብጠት ያጠናው ልጅ ተነሳ። ከእግር ተነስቶ ጉልበት ያለፈ እብጠት ልብ ከደረሰ ሰው እንደማይተርፍ፣ መድኃኒቱም ሳይደርስ እግሩን መቁረጥ እንደሆነ ከመጽሐፍ አነበበልን። የተጻፈው ስለ ሌላ በሽታ ነበር፤ ንባቡ ግን ጥርት ያለ ነው። ሁሉም አመሰገኑት። እኔም ተራዬ ሲደርስ አመሰገንኩት። አሰግድም ወደ ስምምነት እንሂድ አለ።

ስምምነት በእጅ ነው፤ አንድ እጅ ከጎደለ ስምምነት የለም። ሰሌዳው ይጠረግና ውይይቱ ከመጀመሪያው፣ "እግር ነው" ከሚለው ይጀመራል። እጁን ያላነሳው ሰው ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ ይነገረዋል፤ እሱ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። አምስት እጆች ወዲያው ወጡ። የእልፍነሽ እጆች ጭኗ ላይ ነበሩ። እኔን ታያለች። ከእኔ ጋር እንደምትቆም በዓይኗ ነገረችኝ፤ ብቻ እኔ አላንሳ።

"ሌላስ?" አለች ሐኪም ይርገዱ።

ከወንበሯ ተነሳች። አመቻች አይነሳም።

"ሌላስ?" አለች ዳግመኛ። እየለመነች ነበር። ያላት ቃል እሱ ብቻ ነው፤ ያንኑ ይዛ ትለምነኛለች። ላቧ ግንባሯ ላይ ይታየኛል። ሦስተኛ ጊዜ "ሌላስ?" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ።

አምስቱ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ክፋት ብፈልግ አጣሁ። ደክሟቸዋል፤ ሳምንታት አንብበዋል፤ ባልደረባችን ብለው አቅፈውኛል። ቢላዋውን አሰብኩት፣ ፈራሁት። መንገዶቹን አሰብኳቸው፣ ሥራዬን አሰብኩ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ የበለጠ የፈራሁት ያ ሰሌዳ በእኔ ምክንያት ሲጠረግ እነዚያ ፊቶች ሲቀየሩብኝ ማየት ነው። እግሬ ይጠዘጥዘኛል፣ እጄ ግን ምንም አላመመውም። አነሳሁት።

እልፍነሽ እጄን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የሷም እጅ ወጣ።

"ተስማምተናል" አለ አሰግድ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ዝም ማለት ነውር ይመስል ነበር።

ከስምምነት በኋላ ያልተገለጠ ገጽ መተው ደንብ አይደለም። ስለዚህ ቃሬዛው እስኪመጣ አስካለችን አስገቧት። ዳሱ ውስጥ ከስታለች፤ ነጠላዋ የአቧራ ቀለም ይዟል። አሰግድ ከወንበሩ ተነስቶ፣ እትዬ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩን አላት። አስካለች ለሳምንታት ስትጠብቀው የነበረውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

"እሾህ ነው የወጋው። ያውና ተረከዙ ጋ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በምላጭ ከፈት አድርጋችሁ አውጡለት፣ ይሽረዋል።"

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ደስታው አይጣል ነው። ስለ ቀይ ቀለም ያጠናው ልጅ እንዴት ያለ ግሩም ጥያቄ ነበር ለካ አለ። አሰግድ የአስካለችን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገናት፤ ለሚመጣው ዓመት ቡድን ትልቅ ትምህርት እንደሚሆን ነገራት። እግሩስ አለችው። እግሩ ላይ ስምምነት ላይ ተደርሷል፣ ስምምነት ደግሞ አይከፈትም አላት፤ በአክብሮት ነው የነገራት። ሐኪም ይርገዱ በመስኮቱ ወደ ባዶው ዳስ ታያለች።

አስካለች ወደ አልጋዬ መጣች። የጋዋኑን እጅጌ ያዝ አድርጋ ፊቴን አየችኝ።

"አልነገርካቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ተስማማን፣ አስካል።"

"ማን ነው የተስማማው?"

"ሁላችንም" አልኳት።

እጅጌዬን ለቀቀች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ቃሬዛው ሲመጣም ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

እግሬን በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቆረጡት። ደግነቱ የታመመውን ነው የቆረጡት። ቆራጮቹ እጃቸው የተባረከ ነው፤ ቁስሉ ቶሎ ጠገገ። በቡድን መንፈስ ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያገኘሁት እኔ ነኝ ተባልኩ። እልፍነሽ ተመርቃ ጥሩ አመቻች እንደሆነች ሰምቻለሁ። ጋሽ ይታገሱ ዛሬም ያስላሉ። በእኔ ቦታ ሌላ መንገድ ቀማሽ ተቀጥሯል፤ እኔ ቤት ውዬ ቤት አድራለሁ።

አስካለች ደህና አድርጋ ይዛኛለች። ታጥበኛለች፣ ደግፋ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠኛለች። መጨቃጨቅ ግን ትታለች። አንድ ነገር ስላት መጀመሪያ ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ አንተ እንዳልከው ትላለች። ጣራው ያፈሳል ስላት ያፈሳል ትላለች፤ አያፈስም ስላት፣ ውኃው ትከሻዋ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አያፈስም ትላለች። ድካም ነው ብዬ ነበር። በቀደም ለምሳ ያቀረበችው ወጥ ጨው የሚባል አልነካውም ነበር። ሆን ብዬ ጨው በዝቶበታል አልኳት። ቀመሰችው፣ ፊቴን አየችኝ፣ "አዎ፣ በዝቶበታል" አለችኝ። እግሬን ሊቆርጡኝ ሲወስዱኝ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።